ከኢማም መሐመድ ዓሊ እስከ ንጉሥ ሚካኤል

ከሐይቅ ወደ ወልድያ ስንሄድ አምባሰል ውስጥ ውጫሌን እናልፋለን። ስሟን ከታሪክ ትምህርት ሁላችንም እናውቃለን፤ በዚያ ዘመን ወሎን ይገዙ የነበሩትን ሰው ሕይወት ግን ብዙዎቻችን አናውቅም።

መሐመድ ዓሊ የወረ ሂመኖ ኢማሞች ዘር ናቸው፤ አባታቸው ኢማም ዓሊ አባ ቡላ ይባላሉ። በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስና የሸዋው ምኒልክ ልቼ ላይ ሳይዋጉ ታረቁ። ዕርቁ ለነገሥታቱ ሰላም ሆነ፤ ለወሎ ሙስሊም ግን አልሆነም። በዚያው ዓመት ቦሩ ሜዳ ላይ የወሎ መኳንንት ክርስትና እንዲነሱ ታዘዙ። መሐመድ ዓሊ ተቀበሉ፤ ራስ ሚካኤልም ተባሉ። እንደ ሸኽ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ያሉት ግን እምቢ ብለው ተነሡ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ።

በ1881 ዓ.ም. ዮሐንስ መተማ ላይ ሲሞቱ ራስ ሚካኤል ለምኒልክ ገቡ። ሚያዝያ 25 ቀን ምኒልክ ውጫሌ ላይ ከኢጣሊያ ጋር ተዋዋሉ። የአማርኛው አንቀጽ 17 ኢትዮጵያ ከፈለገች በኢጣሊያ በኩል ከሌሎች መንግሥታት ጋር መነጋገር እንደምትችል ሲል፣ የጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። ምኒልክ ለዓመታት በደብዳቤ ተከራከሩ። ኢጣሊያ እምቢ ስላለች ነገሩ በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ደረሰ፤ ራስ ሚካኤልም የወሎን ጦር ይዘው ተዋጉ። ያም ጦርነት የተዘጋው በውል ነው፤ በ1889 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የውጫሌው ውል ተሰረዘ።

ሚካኤል የምኒልክን ልጅ ሸዋረጋን አግብተው ልጅ ኢያሱን ወለዱ፤ በ1906 ዓ.ም. ነገሡ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ኢያሱ ወደ እስልምና አዘንብለዋል ተብለው ከዙፋን ወረዱ። አባት ለልጃቸው ዘመቱ። በመካከሉ ደብዳቤ ተላልኳል፤ የሸዋ መኳንንት የላኩት ግን ለማዘናጋት እንጂ ለመታረቅ አልነበረም። ልክ በወሩ፣ ጥቅምት 17፣ ሰገሌ ላይ ሺዎች አለቁ። ንጉሡ ተማረኩ፤ በ1910 ዓ.ም. በእስር ላይ ሳሉ ሞቱ።

ነብያችን ሰ.ዐ.ወ. ሁደይቢያ ላይ ሲዋዋሉ ቁረይሾች በቃላቱ ተከራከሩ፤ ቃሉ የተስተካከለው ውሉ ከመጽናቱ በፊት ነበር። በቦሩ ሜዳ ሕዝቡ አልተጠየቀም፤ በውጫሌ ሁለቱ ወገኖች አንድ ቃል አልፈረሙም፤ በሰገሌ ደብዳቤው ማታለያ ሆነ። ድርድር ከጦርነት የሚያድነው ባለጉዳዩ ሲሰማ፣ ቃሉ ለሁለቱም አንድ ሲሆንና ሲታመን ነው። በግቢያችን ጠብ ሲነሣ ሽማግሌ ከመላካችን በፊት እነዚህን ሦስቱን እንጠይቅ። ወላሁ አዕለም።