እንቁላሉ ለምን እምቢ አለ? የዶክተር ፓትሪክ ስቴፕቶ ሕይወት

እንቁላልና የወንድ ዘር ከሰውነት ውጭ ተገናኝተው ፅንስ ይፈጠራል ሲባል ነገሩ ቀላል ይመስላል። ግን ሁልጊዜ አይሳካም። ለምን? የዶክተር ፓትሪክ ስቴፕቶ ሕይወት ለዚህ ጥያቄ ብዙ ያስተምረናል።

ስቴፕቶ እ.ኤ.አ. በ1913 በእንግሊዝ አገር ተወለዱ። ለንደን ሕክምና ተምረው በ1939 ተመረቁ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የባሕር ኃይል ሐኪም ሳሉ መርከባቸው በ1941 ሰመጠች፤ እሳቸውም በጣልያኖች ተማርከው እስከ 1943 ታሰሩ። በ1951 ኦልድሃም በምትባል የፋብሪካ ከተማ የማህፀን ሐኪም ሆኑ። እዚያም ላፓሮስኮፒን፣ ማለትም በእምብርት አጠገብ ብርሃን ያለው ቀጭን ቱቦ አስገብቶ ሆድ ውስጥ ማየትን፣ አስፋፉ።

በዚሁ ጊዜ ካምብሪጅ ውስጥ ሮበርት ኤድዋርድስ የተባሉ ተመራማሪ ከእንቁላል ጋር ይታገሉ ነበር። በቀዶ ሕክምና ከወጣ ኦቫሪ የሚያገኙት እንቁላል ገና ያልበሰለ ስለሆነ የወንድ ዘር ቢጨመርበትም እምቢ ይላል። ለመብሰል ከ36 ሰዓት በላይ እንደሚፈልግ ደረሱበት። ከበሰለም በኋላ ግን እምቢ አለ! አሁን ችግሩ የወንድ ዘሩ ነበር። በሴቷ ሰውነት ውስጥ የሚያገኘውን ዝግጅት ካላገኘ የእንቁላሉን ሽፋን ጥሶ አይገባም። ባሪ ባቪስተር የተባለ ተማሪ ያዘጋጀው ፈሳሽ ይህን ፈታ፤ ውጤቱም በ1969 ታተመ። ይሁንና ውጭ የበሰለ እንቁላል ጥሩ ፅንስ አልወጣውም።

የስቴፕቶ ቱቦ ያስፈለገው እዚህ ላይ ነው። ከ1968 ጀምሮ ሁለቱ አብረው ሠሩ፤ ነርሷ ዣን ፐርዲም አልተለየቻቸውም። እንቁላሉ እዚያው ሰውነት ውስጥ በስሎ ሊለቀቅ ሰዓታት ሲቀሩት ስቴፕቶ ያወጡታል። በ1971 መንግሥታዊው የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ገንዘብ ቢከለክላቸውም አላቆሙም። እስከ 1978 ድረስ 282 ሴቶች ተሳተፉ። የወንድ ዘር ከተጨመረባቸው 331 ሙከራዎች ፅንስ የተገኘው በከፊሉ ብቻ ነው። በሕይወት የተወለዱት ልጆች ደግሞ ሁለት ናቸው! የመጀመሪያዋ ሉዊዝ ብራውን ሐምሌ 25 ቀን 1978 ተወለደች።

ስቴፕቶ በ1988 አረፉ። ኤድዋርድስ በ2010 የኖቤል ሽልማት ሲያገኙ እሳቸው አልነበሩም፤ ሽልማቱ ለሞተ ሰው አይሰጥምና።

ከ1992 ወዲህ አንዲትን የወንድ ዘር በመርፌ እንቁላሉ ውስጥ ማስገባት ተችሏል። ያም ሆኖ እንቁላሉ አንዳንዴ አይነቃም። የሚቀሰቅሰው ፕሮቲን ከወንድ ዘሩ ሊጎድል ይችላል፤ እንቁላሉም ራሱ ያልበሰለ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ሙከራው ሲከሽፍ ሴቷ ላይ ብቻ ጣት መቀሰር ስህተት ነው። ያ ሁሉ ክሽፈት ያስተማረው ይህንኑ ነው።