የጄይ ማይነር የሕይወት ታሪክ ባጭሩ

የነገሥታትንና የጦር አለቆችን ታሪክ በየጊዜው እናነባለን፤ ጊዜን በተራ ያደላደለ መሐንዲስ ግን ስሙ እምብዛም አይነሣም። ስለዚህ ከቤት ኮምፒውተር አባቶች አንዱ የሆነውን የጄይ ማይነርን ሕይወት ለጓደኞቻችን ልናቀርብ ወደድን። ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር እንጽፋለን።

ማይነር በ1932 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በአሪዞና ግዛት፥ ፕሬስኮት በምትባል ከተማ ተወለደ። በ1958 ዓ.ም. በርክሊ ከሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በኤሌክትሪክ ምሕንድስና ተመረቀ።

በ1970ዎቹ አጋማሽ አታሪ ወደሚባለው ኩባንያ ገባ። በ1977 ዓ.ም. ለወጣው የቴሌቪዥን መጫወቻ የሥዕሉን ቺፕ ከነደፉት ሰዎች ዋናው እርሱ ነበር። ሜሞሪ ውድ ስለ ነበር መሣሪያው የነበረው 128 ባይት ብቻ ነው፤ ሙሉ ሥዕል የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ስለዚህ የቴሌቪዥኑ ጨረር መስመሩን ሲስል ፕሮግራሙ አብሮት መሮጥ ነበረበት። ለአንድ መስመር የተሰጠው ጊዜ 76 የሰዓት ምት ነው፤ ከዚያ የዘገየ ሥዕሉ ይበላሽበታል።

ከዚያም ማይነር 68000 በተባለው አዲስ ፕሮሰሰር የተሻለ ኮምፒውተር ለመሥራት አሳብ ቢያቀርብ ኩባንያው አልተቀበለውም። እርሱም ትቶ ወጣ፤ በ1982 ዓ.ም. ከባልንጀሮቹ ጋር አሚጋን ጀመረ። ገንዘብ ሲያጥራቸው ቤቱን በመያዣ አስይዞ ተበደረ።

የአሚጋን ዘዴ በአገራችን ነገር ብንመስለው ይቀላል። በወሎ የአርዲቦ ሐይቅ ውኃ በአንከርካ ወንዝ አድርጎ ወደ ሎጎ ሐይቅ ይወርዳል። እንዲህ ያለውን አንድ ወንዝ ብዙ ገበሬ በመስኖ ሲካፈለው የውኃ አባት ተራ ያወጣል፤ ተራው ከተዛባ ጠብ ይነሣል፥ የታችኛውም ማሳ ይደርቃል። በአሚጋም ምንጩ በሰከንድ 28.6 ሚሊዮን ጊዜ የሚመታ አንድ የኳርትዝ ክሪስታል ነው። ይህ ለ8 ሲከፈል የአሜሪካ ቴሌቪዥን ለቀለም የሚሻውን 3.58 ሚሊዮን ምት ይሰጣል፤ ለ4 ሲከፈል ፕሮሰሰሩን ያንቀሳቅሳል። ምንጩ አንድ ስለ ሆነ ሥዕሉና ስሌቱ አይለያዩም። አግነስ የተባለችው ቺፕ ደግሞ የውኃ አባት ናት፤ አንዱን ተራ ለሥዕልና ለድምፅ፥ ቀጣዩን ለፕሮሰሰሩ ታድላለች። እንደ አገራችን 625 መስመር ባለው የፓል ቴሌቪዥን ይጠቀሙ ለነበሩ አገሮች ክሪስታሉ 28.37 ሚሊዮን በሚመታ ተለወጠ።

በ1984 ዓ.ም. የወጣው ማኪንቶሽ ያው 68000 ነበረው፤ የሚሮጠውም በጥቂቱ ፈጥኖ ነው፤ ሥዕሉ ግን ጥቁርና ነጭ ብቻ ነበር። በሐምሌ 1985 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የታየው አሚጋ እስከ 4096 ቀለም አሳየ። በክዳኑ ውስጥ የሠሪዎቹ ፊርማ ተቀርጾ ነበር፤ ከማይነር የማትለየው ውሻው የሚቺ የእግር ምልክትም አብሮ አለ።

ማይነር አብዛኛውን ዕድሜውን በኩላሊት በሽታ ተሠቃይቶ፥ ደም በሚያጣራ መሣሪያ እየተረዳ ኖረ። እኅቱም አንድ ኩላሊቷን ሰጥታው ነበር። አሚጋን የገዛው ኮሞዶር ኩባንያ በሚያዝያ 1994 ዓ.ም. ከሰረ፤ ማይነርም ከሁለት ወር በኋላ፥ ሰኔ 20 ቀን፥ በ62 ዓመቱ ዐረፈ።

ጓደኞቻችን ሆይ፥ ድኻ አገር ብዙ ምንጭ የላትም። ያለችውን አንዲት ምንጭ በተራ ማደላደል ግን ይቻላል፤ ለዚህም እንደ ማይነር ያለ ትጉህ ሰው ያስፈልጋታል።