ጃኮ ፓስቶሪየስ፦ ፍሬት አልባው ቤዝ ጊታርና ባለቤቱ

በወላይታ ሶዶ በሚገኙ የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መዘምራንን ከሚያጅቡት የሙዚቃ መሣሪያዎች አንዱ ቤዝ ጊታር ነው። አድማጭ ዘወትር ልብ የሚለው ግን ድምፃውያኑን እንጂ ዜማውን ከሥር የሚሸከመውን ባለ አራት ክር መሣሪያ አይደለም። ይህን መሣሪያ ከኋላ ረድፍ አውጥተው ከመድረክ ፊት ካቆሙት ባለሙያዎች መካከል በቀዳሚነት የሚጠቀሰው አሜሪካዊው ጃኮ ፓስቶሪየስ ነው።

ፓስቶሪየስ እ.ኤ.አ ዲሴምበር 1 ቀን 1951 በፔንስልቬኒያ ግዛት ኖሪስታውን ከተማ ተወልዶ በፍሎሪዳ አደገ። አባቱ ድራም ተጫዋችና ድምፃዊ ነበሩ። እሱም በድራም ጀመረ፤ ይሁን እንጂ በልጅነቱ በአሜሪካ እግር ኳስ ጨዋታ የእጁ አንጓ በመጎዳቱ ድራሙን ትቶ ወደ ቤዝ ጊታር ዞረ።

ሊዮ ፌንደር ፕሪሲሽን የተሰኘውን የኤሌክትሪክ ቤዝ ጊታር ለገበያ ያቀረበው ፓስቶሪየስ በተወለደበት በዚያው በ1951 ነበር። ስያሜው ትክክለኛነት ማለት ሲሆን፣ በአንገቱ ላይ የተሰኩት ፍሬት የተባሉ ቀጫጭን ብረቶች ተጫዋቹ ድምፁን ሳይስት እንዲመታ የሚያስችሉ መሆናቸውን ለማመልከት የተሰጠ ነው። ፓስቶሪየስ ዝነኛ የሆነው ግን እነዚሁ ብረቶች በሌሉበት ጊታር ነው።

መሣሪያው እ.ኤ.አ የ1962 ስሪት የሆነ የፌንደር ጃዝ ቤዝ ነበር። ፓስቶሪየስ ፍሬቶቹን በቅቤ መቀቢያ ቢላዋ ነቅሎ እንዳወጣቸው ይናገር ነበር፤ በሌላ ጊዜ ደግሞ ሲገዛው ቀድሞውኑ ተነቅለው እንደነበር ገልጿል። የትኛውም እውነት ቢሆን ክፍተቶቹ ተደፈኑ፤ ክሮቹ እንጨቱን እንዳይበሉትም አንገቱ ለጀልባ በሚያገለግል ኢፖክሲ ተቀባ። ጠንካራው ሽፋን ለጊታሩ የሚዘፍን የሚመስል ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠው። ፍሬት በሌለው አንገት ላይ ድምፁን የሚያገኙት ጣትና ጆሮ ብቻ ናቸው፤ ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

እ.ኤ.አ በ1965 የፌንደር ኩባንያ ለሲቢኤስ ከመሸጡ በፊት የተሠሩ ጊታሮች ዛሬ በሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ተፈላጊ ናቸው። ዋጋቸው ከፍ የሚለውም ቀለማቸውና ክፍሎቻቸው እንደ ተሠሩ ሲቆዩ ነው። በዚህ መለኪያ የፓስቶሪየስ ጊታር የተበላሸ ዕቃ መሆን ነበረበት።

እ.ኤ.አ በ1976 በራሱ ስም የሰየመውን አልበም አወጣ፤ በዚያው ዓመት ዌዘር ሪፖርት የተባለውን ታዋቂ የጃዝ ቡድን ተቀላቀለ። ቡድኑ በ1977 ሄቪ ዌዘር የተሰኘውን አልበም አበረከተ። በአዲስ አበባ የዋልያስ ባንድ ከኃይሉ መርጊያ ጋር ቸ በለውን የሠራውም በዚያው ዓመት እንደነበር ማስታወስ ይገባል።

ፓስቶሪየስ ከዌዘር ሪፖርት የተለየው እ.ኤ.አ በ1982 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት ባይፖላር የተባለ የአእምሮ ሕመም እንዳለበት ታወቀ። መጠጡና አደንዛዥ ዕፁ ሕመሙን አባባሱበት፤ ሥራ እየራቀው ሄደ፤ በኒው ዮርክ ጎዳናዎች ላይ ያደረባቸው ጊዜያትም ነበሩ። ጊታሩም አብሮት ተጎሳቆለ። በ1980ዎቹ አጋማሽ ተሰባበረ፤ የጊታር ጠጋኞችም ቁርጥራጮቹን በትዕግሥት መልሰው ገጣጠሙለት። ነገር ግን የተጠገነው ጊታር ብዙ አልቆየለትም። እ.ኤ.አ በ1986 በኒው ዮርክ ከሚገኝ መናፈሻ ተሰረቀ።

ባለቤቱም ብዙ አልሰነበተም። በሴፕቴምበር 1987 በፍሎሪዳ ዊልተን ማነርስ ወደሚገኝ የምሽት ክበብ ለመግባት ሲሞክር ከጥበቃ ሠራተኛ ጋር ተጋጭቶ ክፉኛ ተደበደበ። ከሰመመኑ ሳይነቃ በዚያው ወር 21 ቀን በ35 ዓመቱ ሕይወቱ አለፈ።

ጊታሩ በኒው ዮርክ አንድ የሙዚቃ መሣሪያ መደብር ውስጥ የተገኘው ከተሰረቀ ከ20 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ በ2006 ነው። ባለሙያዎችም መርምረው የፓስቶሪየስ መሆኑን አረጋገጡ። ሆኖም የተሰረቀ ዕቃ በሌላ ሰው እጅ ሲገኝ ባለቤቱ ማን ነው የሚለው ጥያቄ ቤተሰቡን ከያዘው ሰው ጋር ለዓመታት አከራከረ። የሜታሊካ ቤዝ ተጫዋች ሮበርት ትሩሂዮ በ2010 ጊታሩን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ ክርክሩ እንዲቋጭ አደረገ፤ የሟቹ ቤተሰቦች በጠየቁት ጊዜም በከፈለው ዋጋ ሊመልስላቸው ተስማማ።