ጆን ሪዝ፤ እሑድንም ራዲዮንም ያከበሩ ሰው

እሑድ ቀን በአዲስ አበባም ሆነ በጋምቤላ በአልዌሮ ግድብ አካባቢ ራዲዮውን ከፍቶ ዜናና ትረካ የሚያዳምጥ ወጣት፥ ራዲዮን የትምህርት መሣሪያ ካደረጉት ሰዎች አንዱን ቢያውቅ ይጠቀማል እንላለን።

ጆን ሪዝ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1889 በስኮትላንድ ከፕሮቴስታንት ቄስ ተወለዱ። የምሕንድስና ሙያ ተምረው ሲሠሩ ጦርነት መጣና በ1915 ጉንጫቸውን ቆሰሉ፤ ጠባሳው እስከ ዕለተ ሞታቸው አልለቀቃቸውም። በ1922 ስለ ራዲዮ ምንም ሳያውቁ የቢ.ቢ.ሲ. ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። የድርጅቱንም ተግባር ማሳወቅ፥ ማስተማርና ማዝናናት ብለው ወሰኑ።

እሑድ ግን ለእርሳቸው የጸሎት ቀን ነበረ። ስለዚህ በዚያ ቀን ስብከት፥ ቁም ነገር ያለው ንግግርና ረቂቅ ሙዚቃ እንጂ ቀልድና ዳንኪራ እንዳይሰማ አደረጉ። በ1930ዎቹ ብዙው አድማጭ ሰልችቶት፥ ጨዋታ ፍለጋ ወደ ራዲዮ ሉክሰምበርግና ወደ ራዲዮ ኖርማንዲ ዞረ። እርሳቸው ግን በቀላሉ አልተበገሩም። በ1938 ሥራቸውን ለቀቁ፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣም የእሑዱ ሥርዓት ላላ። በ1971 በ81 ዓመታቸው ዐረፉ።

ዛሬ በእንግሊዝ አገር የእሑድ ራዲዮ ጸሎቱን፥ ጭውውቱንና ድራማውን ጎን ለጎን ያሰማል። ሪዝ ሕዝብን ባለመናቃቸው ሊመሰገኑ ይገባል፤ የሕዝብን ድካምና የዕረፍት ፍላጎት በመዘንጋታቸው ግን አድማጭ አጡ። ነገ ሕዝብን የምታገለግሉ ወጣቶች ሁለቱንም ከእርሳቸው ሕይወት እንድትማሩ እንመኛለን።