መድፍ ከመግዛት መድፍ ሠሪ መሻት፤ የዐፄ ቴዎድሮስና የጋፋት ታሪክ

የቦሩ ሜዳን ስም የታሪክ ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. ታላቁን የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉት ከደሴ በስተ ሰሜን ባለው በዚህ ሰፊ ሜዳ ላይ ነው፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የወሎ መኳንንትም ከዚያ ተገኝተዋል። ይሁን እንጂ ከዚህ ሜዳ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ በመጓዝ መቅደላ አምባ የደረሰ መንገደኛ፥ ከጉባኤው ዐሥር ዓመት ቀድሞ የተፈጸመ የሌላ ታሪክ ምስክር ያገኛል። ምስክሩም ሰባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ ነው፤ እስከ ዛሬም እዚያው አለ። ይህን መድፍ ስላሠሩት ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ጀግንነት ብዙ ተጽፏል። እኛ ዛሬ የምንመለከተው አንዱን ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም ንጉሠ ነገሥቱ ለአገራቸው የእጅ ሥራንና መሣሪያን እንዴት እንደ መረጡ ነው።

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ በቋራ ተወለደ። በልጅነቱ በገዳም ፊደል ቈጠረ፤ ጐልማሳ በሆነ ጊዜም በቋራ በረሃ ሸፍቶ ጥቂት በጥቂት ኃይሉን አበዛ። የሕይወቱን መንገድ ከለወጡት ነገሮች አንዱ ግን ድል ሳይሆን ሽንፈት ነበር። በ1840 ዓ.ም. በምዕራቡ ወሰን ደባርቂ በተባለው ስፍራ ከግብጽ ጦር ጋር ተዋጋ። የካሣ ሰዎች በድፍረት አያንሱም ነበር፤ ነገር ግን በሥርዐት የሠለጠነ ወታደርና መድፍ ጠበቃቸውና አለቁ። ካሣ ከዚያ ሲመለስ፥ ድፍረት ብቻውን መድፍን እንደማይመልስ ያየውን ከልቡ አልፋቀም።

ከሰባት ዓመት በኋላ፥ በየካቲት 1847 ዓ.ም.፥ በደረስጌ ማርያም ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። በማግሥቱ ዓመት መግቢያ ላይም ወደ ወሎ ዘምተው መቅደላን ያዙ፤ ቀጥለውም ሸዋን አስገበሩ። አዲሱ ንጉሥ የመሳፍንቱን ዘመን ለመዝጋት ሦስት ነገሮች እንደሚያስፈልጓቸው ተረድተው ነበር፤ እነርሱም ደመወዝ የሚቀበል ወታደር፥ ጋሪ የሚያስኬድ መንገድና ከባድ መሣሪያ ናቸው። መንገድ በሚሠራበት ስፍራ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡና ይሸከሙ ስለ ነበር፥ መኳንንቱም ሳይወዱ በግድ እጃቸውን ከሥራው ያስገቡ ነበር። በዚያ ዘመን አንጥረኛ በሚናቅበት፥ ብረት ቀጥቃጭም ቡዳ ተብሎ በሚፈራበት አገር፥ የንጉሥ እጅ ድንጋይ ማንሣቱ ራሱን የቻለ ትምህርት ነበር።

በ1848 ዓ.ም. በስዊስ አገር ከባዝል ከተማ አጠገብ ካለው የክሪሾና ትምህርት ቤት የተላኩ የእጅ ሥራ የሚያውቁ ሰባኪዎች መጡ። ፍላድ፥ ቤንደር፥ ማየርና ኪንዝለን ከመጀመሪያዎቹ ነበሩ፤ ቫልድማየርና ዛልሙለር ኋላ ደረሱ። ንጉሠ ነገሥቱ ከስብከታቸው ይልቅ እጃቸውን ፈለጉ። በደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት በተባለ ስፍራ አስቀመጧቸው፤ የአገር ልጆችም ሥራውን እንዲማሩ ከእነርሱ ጋር አደረጉ። ሞሪትስ ሃል የተባለ የፖላንድ ተወላጅና ቡርጎ የተባለ የፈረንሳይ ጠመንጃ ሠሪም ከዚያው ተጨመሩ።

እነዚህ ሰዎች የእንጨትና የግንብ ሥራ፥ ጥቂቶቹም የብረት ሥራ ቢያውቁም፥ መድፍ ያፈሰሰ ከመካከላቸው አልነበረም። መድፍ አፍስሱ በተባሉ ጊዜ አንችልም አሉ፤ ንጉሡ ግን ካልሞከራችሁ አልለቃችሁም በማለት ጸኑባቸው። ሥራው በእርግጥ ከባድ ነው። ለትልቅ መድፍ የሚሆነው ነሐስ በአንድ ጊዜ ቀልጦ በአንድ ጊዜ መፍሰስ አለበት፤ በመካከሉ ከተቋረጠ መድፉ ስንጥቅ ይዞ ይወጣል። የሸክላው ቅርጽ ጥቂት እርጥበት ካለበት፥ ውሃው በጋለው ነሐስ ተንኖ ቅርጹን ያፈነዳዋል። ምድጃው፥ ወናፉ፥ ከሰሉና ሸክላው ሁሉ በስፍራው ከተገኘው ነገር መሠራት ነበረበት። እየሞከሩ፥ እየከሸፈባቸውም፥ በመጨረሻ ተሳካላቸው። ከትናንሾቹ ተነሥተው ወደ ታላላቆቹ ዘለቁ፤ የሁሉም ታላቅ የሆነውና 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል የሚባለው መድፍ፥ በክሪሚያ ጦርነት ስሟ በዓለም በተሰማው ከተማ ስም ሰባስቶፖል ተባለ።

እዚህ ላይ ጋፋት ምን እንደ ነበራትና ምን እንደ ጐደላት መለየት ይገባናል። ጋፋት ብረት የሚያቀልጥ እጅ ነበራት፤ ብረትን በልክ የሚቈርጥ፥ የሚበሳና የሚሞርድ መኪና ግን አልነበራትም። በእነዚያው ዓመታት የእንግሊዝ መንግሥት በኤንፊልድ ያለውን የጠመንጃ ፋብሪካውን እያደሰ ነበር። የአንዱ ጠመንጃ ዕቃ ለሌላው ያለ ምንም ማስተካከል እንዲገጥም የሚያደርጉትን መኪናዎች ከአሜሪካ ገዛ። ከመኪናዎቹም ጋር አሠራራቸውን የሚያውቀውን አሜሪካዊ፥ ጀምስ በርተንን፥ ቀጥሮ ዋና መሐንዲስ አደረገው። የዓለም የኢንዱስትሪ መሪ የነበረችው እንግሊዝ እንኳ መኪናን ያለ ባለሙያ አልገዛችም ማለት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን የኤንፊልድ ነገር ሰምተው እንደ ሆነ ባይታወቅም፥ የደረሱበት አሳብ ግን አንድ ነበር።

ይህን አሳብ ሊፈጽሙ የሄዱበት መንገድ ጥፋታቸው ሆነ። በጥቅምት 1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ ወዳጅነትን የሚሻ ደብዳቤ ጽፈው በቆንስሉ በካሜሮን እጅ ላኩ። ደብዳቤው ለንደን ደርሶ ከመሥሪያ ቤት መዝገብ ውስጥ ቀረ፤ መልስ አልተሰጠውም። አንድ ጸሓፊ በጊዜው ሊፈጽመው የሚገባ ነገር ባለመፈጸሙ የሁለት መንግሥታት ነገር ተበላሸ፤ ይህ ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ሁሉ ማስጠንቀቂያ የሚሆን ነው። ንጉሡም ተቈጥተው በ1856 ዓ.ም. ቆንስሉን ከሌሎች አውሮጳውያን ጋር አሰሩ። በ1858 ዓ.ም. ራሳም የተባለው መልእክተኛ የንግሥቲቱን መልስ ይዞ መጣ፤ በመጀመሪያ በክብር ተቀብለውት ኋላ እርሱንም ያዙት።

በዚያው ዓመት በሚያዝያ ወር ፍላድ ወደ እንግሊዝ አገር ተላከ፤ ሚስቱና ልጆቹ እንደ መያዣ ሆነው ቀሩ። ንጉሠ ነገሥቱ የፈለጉት ያለቀለት መድፍና ጠመንጃ ብቻ አልነበረም፤ ከሁሉ በላይ ጠመንጃ የሚሠሩና ብረት የሚያቀልጡ ባለሙያዎችን፥ ለዚህም የሚያስፈልጉትን መሣሪያዎች ጠየቁ። የእንግሊዝ መንግሥትም እሺ ብሎ ሠራተኞችን ቀጠረ፤ መሣሪያዎችንም ገዛ፤ ሁሉም ተጭኖ እስከ ምጽዋ መጣ። ነገር ግን ከባሕሩ ዳር አላለፈም። እንግሊዞች እስረኞቹ አስቀድመው ይለቀቁ አሉ፤ ንጉሡ ሠራተኞቹ አስቀድመው ይምጡ አሉ። አንዱ ሌላውን ሳያምን ወራት አለፉና በ1859 ዓ.ም. ሰዎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ዐፄ ቴዎድሮስ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተመኙት ፋብሪካ ምጽዋ ወደብ ድረስ መጥቶ የተመለሰው በዋጋው ውድነት ወይም በመንገዱ ርቀት አይደለም፤ መተማመን ስለ ጠፋ ነው።

ከዚያ በኋላ የቀራቸው በእጃቸው ያለው ብቻ ነበር። ግዛታቸው በዓመፅ ጠብቦ፥ በ1860 ዓ.ም. መግቢያ ደብረ ታቦርን አቃጥለው ከመድፎቻቸው ጋር ወደ መቅደላ ተነሡ። ሰባስቶፖልን ለመጐተት 500 ያህል ሰው ያስፈልግ ነበር። ጋሪው የሚያልፍበት መንገድ ስላልነበረ ከመድፉ ፊት ፊት መንገድ መሥራት ግድ ሆነ፤ ዐለቱን በባሩድ እየናዱ፥ የጅጣንና የበሽሎን ገደል ወርደው እየወጡ፥ ስድስት ወር ያህል ፈጀባቸው። ይህ ሥራ እንደ ምህንድስና ቢታይ የሚያስደንቅ ነው። እንደ ምርጫ ቢታይ ግን የሚያሳዝን ነው፤ መሣሪያው ለመንገዱ ተመጥኖ አልተሠራምና፥ መንገዱ ለመሣሪያው ሲሠራ ጊዜው አለቀ።

በዚያኑ ጊዜ የጄኔራል ናፒየር ጦር ከዙላ ወደብ ተነሥቶ ወደ ደቡብ ይገሠግሥ ነበር። ከባዱን መድፍ በዝሆን፥ ቀላሉን የተራራ መድፍ በበቅሎ ጀርባ ጫነ፤ እግረኛው ከኋላው የሚጐርስ ስናይደር ጠመንጃ ይዟል። ሚያዝያ 3 ቀን፥ በስቅለት ዕለት፥ በአሮጌ ሜዳ በተደረገው ጦርነት የጋፋት መድፎች ከከፍታው ላይ ቢተኰሱም ጥይታቸው ከጠላት በላይ እያለፈ ምንም አልረዱም፤ ጀግናው ፊታውራሪ ገብርዬም በዚያው ወደቁ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፥ በፋሲካ ማግሥት፥ ዐፄ ቴዎድሮስ እጄን አልሰጥም ብለው በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። ሕይወታቸውን በእውነት የሚጽፍ ሰው በመጨረሻዎቹ ዓመታት ያደረጉትንም አይሸፍንም፤ ወሎና በጌምድር ብዙ መከራ አይተዋል፥ ከመጨረሻው ጦርነት በፊትም ብዙ እስረኞች ወደ ገደል ተወርውረዋል።

የጋፋት አውሮጳውያን ከእንግሊዞች ጋር ወጡ፤ ምድጃውም ጠፋ። ናፒየር ሲመለስ ላገዙት ለትግሬው ካሣ፥ ኋላ ዐፄ ዮሐንስ ለተባሉት፥ ያለቀላቸው መድፎችና ጠመንጃዎች ሰጥቷቸው ሄደ። እነርሱም በ1863 ዓ.ም. በዐድዋ አጠገብ ተቀናቃኛቸውን ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ድል ለመንሣት ጠቀሟቸው። የተገዛ ወይም የተሰጠ መሣሪያ ፈጥኖ እንደሚጠቅም ይህ ያስረዳል። በመቅደላ ዐሥር ዓመት ያህል ታስሮ ያደገው ምኒልክ ግን ሌላ ነገር ሳያይ አልቀረም። ንጉሥ ምኒልክ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ከተገኙበት ጊዜ አንድ ዓመት ሳይሞላ፥ በ1871 ዓ.ም.፥ ራሳቸው ያስጠሩት የስዊስ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ሸዋ ደረሰ። የዐፄ ቴዎድሮስ አሳብ ያው ነበር፤ የተለየው መንገዱ ነው። ኢልግ በሰንሰለት ሳይሆን በደመወዝና በክብር ተይዞ ከ25 ዓመት በላይ አገለገለ፤ ድልድይ፥ የውሃ ቧንቧና የባቡር ሐዲድ ሥራ ከስሙ ጋር ተያይዘው ይነሣሉ።

ይህ ሁሉ ለዛሬው ወጣት የሩቅ ተረት አይደለም። ከቦሩ ሜዳ በስተ ደቡብ፥ ደሴን አልፎ ወደ ቈላው ሲወረድ፥ በ2009 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርክ የተመረቀባት ኮምቦልቻ ትገኛለች። በእንዲህ ያለች ከተማ ቶርኖና መቦርቦሪያ ይዞ ደንበኛ ያዘዘውን ሁሉ የሚሠራ ቤት፥ አንድ ቀን በአምስት አቅጣጫ የሚሠራ ሲኤንሲ ማሽን ልግዛ ማለቱ አይቀርም። ይህ ማሽን መሣሪያውን ወደ ጐን፥ ወደ ፊትና ወደ ላይ ከማስኬዱ በላይ፥ ሥራውን ወይም ራሱን በሁለት ዘንግ ያዞራል፤ ስለዚህ ጠመዝማዛውን ዕቃ ሳይፈታ በአንድ ማሰር ይጨርሰዋል። ዋጋው ግን ብዙ ነውና ገዢው መጠየቅ ያለበት ጥያቄ የጋፋት ጥያቄ ነው። በየቀኑ የሚመጣው ሥራ በእውነት አምስቱን አቅጣጫ ይሻልን? ፕሮግራሙን የሚጽፈው ማን ነው? ሲበላሽ የሚጠግነው፥ መለዋወጫውን የሚያመጣው ከየት ነው? የመብራቱ ኃይልና የቤቱ ወለል ይችለዋልን? ሻጩና ገዢው በውል የሚተማመኑ ናቸውን? መልሱ ከታወቀ፥ ከሁሉ የሚበልጠውን ከመግዛት ይልቅ ለሥራው የሚበቃውን መካከለኛውን ገዝቶ፥ የተረፈውን ገንዘብ ለሠራተኛው ትምህርት ማዋል የተሻለ ይሆናል።

ዐፄ ቴዎድሮስ ከመድፉ በፊት መድፍ ሠሪውን መሻታቸው በዘመናቸው ከነበሩት ብዙዎች በላይ ያስቀድማቸዋል። የመጠንን ነገርና የመተማመንን ነገር ግን አላገኙትም። ሰባስቶፖል ዛሬም በመቅደላ አምባ ላይ ያለው፥ የንጉሡን ታላቅ አሳብና ያሳቡን ጉድለት አብሮ ይዞ ነው፤ ሁለቱንም ለይቶ ማንበብ የእኛ የወጣቶቹ ፈንታ ነው።