ጊልማን ያልፈለገው በር

ፓቶሎጂ ላብራቶሪ ውስጥ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሰን የጉጉት ዓይን የምትመስለዋን ሴል ስንፈልግ የዋልንበትን ቀን የባቻችን ልጆች አትረሱትም። የሆጅኪን በሽታ መለያ፣ የሪድ-ስተርንበርግ ሴል። እኔ ሪድ ለዓመታት ወንድ ይመስለኝ ነበር። ዶሮቲ ሪድ መሆኗን ያወቅሁት ራሴ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላ ነው፤ አፈርኩ። ስለ እሷ ሳነብ የተማረችበት ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ላይ ደረስኩ፤ ዳንኤል ኮይት ጊልማን።

ጊልማን እ.ኤ.አ. በ1831 ኮነቲከት ውስጥ፣ ኖርዊች ተወለደ። ዬል ተምሮ እዚያው ሠራ፤ ቀጥሎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲን መራ። በ1876 ባልቲሞር ላይ የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲን ከፈተ። ነጋዴው ሆፕኪንስ 7 ሚሊዮን ዶላር ለዩኒቨርሲቲውና ለሆስፒታሉ እኩል ተናዞ ነበር። ጊልማን ከሕንፃ ይልቅ ሰው ላይ አወጣው፤ ተመራማሪ መምህራንን ከየአገሩ ለቃቀመ። በዚህ በኩል ክፉ አይወጣኝም።

ሴቶች ላይ ሲደርስ ግን ሌላ ሰው ነው። ኬሪ ቶማስ፣ አባቷ የዩኒቨርሲቲው ባለአደራ ሆኖ ሳለ፣ ክፍል እንዳትገባ ተከለከለች፤ ዙሪክ ሄዳ በ1882 በከፍተኛ ማዕረግ ዶክተር ሆነች። ክሪስቲን ላድ ደግሞ በዚያው ዓመት ትምህርቷን ጨርሳ ዲግሪው የተሰጣት በ1926 ነው። አርባ አራት ዓመት!

ሆስፒታሉ በ1889 ሲከፈት ለሕክምና ትምህርት ቤቱ ገንዘብ ጠፋ። የዩኒቨርሲቲው ሀብት የተቀመጠው በባልቲሞርና ኦሃዮ የባቡር ኩባንያ አክሲዮን ነበር፤ ኩባንያው ትርፍ መክፈል አቆመ። ይኼኔ ቶማስና ጓደኞቿ መጡ፦ ገንዘቡን እኛ እናሰባስባለን፣ ሴቶች ግን እንደ ወንዶቹ ይገባሉ አሉ። የዚያው የባቡር ኩባንያ የቀድሞ ፕሬዚዳንት ልጅ ሜሪ ጋሬት ከ300 ሺህ ዶላር በላይ ጨመረችበት፤ አመልካች ሁሉ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ ይምጣ የሚል ግዴታም አከለች። ጊልማን አልወደደውም። ግን ምን አማራጭ ነበረው? በ1893 አሥራ ስምንት ተማሪዎች ገቡ፤ ሦስቱ ሴቶች። የሕክምና ትምህርትን ደረጃ ከፍ አደረገ ተብሎ ጊልማን የሚመሰገንበት ግማሹ የጋሬት ነው ባይ ነኝ።

ዶሮቲ ሪድ በ1900 ስትመረቅ ፕሬዚዳንቱ አሁንም እሱ ነበር። በ1901 ለቀቀ፤ በ1902 እሷ ሴሏን በዝርዝር ገልጻ፣ የሆጅኪን በሽታ የሳንባ ነቀርሳ ዓይነት አለመሆኑን አሳየች። እሱ ካርኔጊ ኢንስቲትዩትን ጥቂት ዓመት መርቶ በ1908 እዚያው በተወለደባት ኖርዊች አረፈ።

አሁን ስላይዱን ለተማሪዎቼ ሳሳይ፣ ሪድ ከማለቴ በፊት ዶሮቲ እላለሁ።