ሰር ቦሪስ ኡቫሮቭና የአንበጣ ምስጢር

በዓባይ ሸለቆ አፋፍ ላይ በምትገኘው በደጀን ክረምቱ አልፎ ፀሐይ ስትወጣና በየግቢው ጽጌረዳ ሲፈካ፥ ቅጠሉን ከዳር ጀምረው የሚቀረጥፉት ነፍሳትም አብረው ብቅ ይላሉ። ከእነርሱ አንዱ ፌንጣ ነው። የቤቱ እመቤት የተበላውን ቅጠል አይታ ታዝናለች፤ ፌንጣውን በእጇ ታራግፋለች፤ ወይም ለዶሮዎቿ ትተወዋለች እንጂ በፌንጣ ምክንያት ጎረቤት አትጠራም። አንበጣ መጣ የተባለ ዕለት ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከደጀን እስከ ብቸና፥ ከብቸናም እስከ ሞጣ በተዘረጋው የጤፍ አገር ይህን ስም ሰምቶ የማይደነግጥ ገበሬ አይገኝም። ቆርቆሮ መምታቱ፥ ጅራፍ ማጮኹ፥ ጢስ ማጨሱ ሁሉ ከአባት ለልጅ ሲተላለፍ የመጣ የመከላከያ ዘዴ ነው።

የአማርኛ ቋንቋም በዚህ ረገድ ባለጸጋ ነው። ፌንጣ፥ አንበጣ፥ ኩብኩባ፥ ደጎብያ የሚሉት ቃላት ሕዝቡ እነዚህን ፍጥረታት ምን ያህል ቀርቦ እንደተመለከታቸው ይመሰክራሉ። ኩብኩባ ክንፍ ያላወጣው፥ በምድር ላይ እየዘለለ የሚሄደው የአንበጣ ልጅ መሆኑን ገበሬው ያውቃል። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ለዘመናት ያለ መልስ ቆይቷል። ይኸውም አንበጣው በማይታይባቸው ብዙ ዓመታት የት ይገባል? የሚለው ነው። አንዳንዱ ከሰማይ የወረደ መቅሠፍት ነው ሲል፥ ሌላው ከባሕር ማዶ የመጣ ነው ይል ነበር። የሳይንስ ሊቃውንትም ቢሆኑ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ያለው መልስ አልነበራቸውም። መልሱን ያገኙት ሰው ቦሪስ ፔትሮቪች ኡቫሮቭ ይባላሉ።

ኡቫሮቭ እ.ኤ.አ. በ1886 ዓ.ም. በሩስያ ግዛት በኡራልስክ ከተማ ተወለዱ። ይህች ከተማ ዛሬ ኦራል ተብላ በካዛክስታን ውስጥ ትገኛለች። አባታቸው የመንግሥት ባንክ ሠራተኛ ነበሩ። ከተማዪቱ በሰፊ የሣር ሜዳ የተከበበች ስለ ነበረች፥ ልጁ ቦሪስ ከፌንጣና ከአንበጣ ጋር የተዋወቀው በመጽሐፍ ሳይሆን በእግሩ እየተራመደ ነው። ትምህርቱንም በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ተከታትሎ በ1910 ፈጸመ። በዚያው ዓመት አና የተባለችውን ባለቤቱን አግብቶ፥ በመካከለኛው እስያ በሚገኝ የጥጥ እርሻ ላይ ሥራ ያዘ።

በ1912 ወጣቱ ባለሙያ ወደ ሰሜን ካውካስ ተዛውሮ በስታቭሮፖል የተባይ መከላከያ ቢሮ እንዲያቋቁም ታዘዘ። በአካባቢው በሰፊው የሚያጠፋው ሎኩስታ ሚግራቶሪያ የሚባለው ፈላሽ አንበጣ ነበር። በዚሁ አገር ሎኩስታ ዳኒካ የሚባል፥ ለብቻው የሚኖር፥ ማንንም የማያስቸግር ሌላ ፌንጣም ይገኝ ነበር። በጊዜው በነበሩት መጻሕፍት መሠረት እነዚህ ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች ናቸው። ቀለማቸው፥ የአንገታቸው ቅርጽ፥ የክንፋቸው ርዝመት፥ ጠባያቸውም ይለያያል። ኡቫሮቭ ግን በመስክ ላይ ያዩት ነገር ከመጻሕፍቱ ጋር ሊስማማላቸው አልቻለም። የአንበጣው መንጋ በተሰበረበት ሥፍራ ዳኒካ ይበዛል፤ በሁለቱ መካከል የሆኑ፥ ወደዚህም ወደዚያም ለመመደብ የሚያስቸግሩ ነፍሳትም ይገኛሉ። በዚያው ዘመን በታሽከንት የሚሠሩት ፕሎትኒኮቭ የተባሉ ባለሙያ ነፍሳቱን እያረቡ ባደረጉት ሙከራ ከተመሳሳይ ውጤት ላይ ደርሰው ነበር።

ይህን አሳብ በሚገባ አብስለው ከመጻፋቸው በፊት ግን የዘመኑ ማዕበል ደረሰባቸው። ከ1915 ጀምሮ በትፍሊስ የእፀዋት ጥበቃ ሥራን ይመሩ ነበር፤ በዩኒቨርሲቲም ያስተምሩ፥ በጆርጂያ ቤተ መዘክርም ያገለግሉ ነበር። የ1917ቱ አብዮትና ከዚያ በኋላ የተከተለው የርስ በርስ ጦርነት ግን የተረጋጋ የምርምር ሥራ የሚሠራበት ሁኔታ አላስቀረም። በዚህ ጊዜ ፓትሪክ በክስተን ከተባሉ እንግሊዛዊ የነፍሳት ተመራማሪ ጋር ተዋወቁ፤ በእርሳቸውም አማካይነት በለንደን የነፍሳት ጥናት ቢሮ ሥራ ተሰጣቸው። በ1920 ኡቫሮቭ አገራቸውን ለቀው ወደ እንግሊዝ ገቡ። በሠላሳ ሦስት ዓመት ዕድሜ በሰው አገር፥ በሰው ቋንቋ፥ ሥራን ከታች መጀመር ቀላል አልነበረም።

በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ከዓለም ዙሪያ የተሰበሰቡ ፌንጣዎችና አንበጣዎች በመርፌ ተሰክተው በመሳቢያ ተደርድረው ነበር። ኡቫሮቭም በሜዳ ያዩትን ከዚህ ክምችት ጋር አስተያዩ። በ1921 ባሳተሙት ጥናት ሚግራቶሪያና ዳኒካ አንድ ዝርያ መሆናቸውንና ልዩነቱ የአኗኗር ብቻ መሆኑን አስታወቁ። ነፍሳቱ ተራርቀው ሲኖሩ አንድ መልክ፥ ተጠጋግተው ሲበዙ ሌላ መልክ ይይዛሉ፤ በመካከልም ተሸጋጋሪ ደረጃ አለ። ጥቂት ቆይቶም ይኸው ሕግ አፍሪካን፥ ዓረብንና ሕንድን በሚያስጨንቀው በበረሃ አንበጣ ላይም እንደሚሠራ ታወቀ።

የዚህ ግኝት ትርጉም ከዝርያ ስም ማስተካከል እጅግ ያለፈ ነው። አንበጣው ከየትም የሚመጣ መቅሠፍት ሳይሆን በሰላሙ ዘመን በጥቂት ቁጥር በበረሃው ዳርቻ የሚኖር፥ ዝናብ ሲያገኝ የሚበዛ፥ ሲበዛም የሚለወጥ ፍጥረት ሆነ ማለት ነው። ስለዚህም ሊጠበቅና ሊቀደም ይችላል። በዚህ ላይ ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። በደጀን ግቢ የጽጌረዳ ቅጠል የሚበላው ተራ ፌንጣ፥ ምንም ያህል ቢበዛ፥ አንበጣ አይሆንም። በዓለም ላይ ከሚታወቁት ብዙ ሺሕ የፌንጣ ዝርያዎች መካከል ይህ የመለወጥ ጠባይ ያላቸው ጥቂቶች ብቻ ናቸው።

ለውጡ እንዴት እንደሚካሄድ የተረዳው ከኡቫሮቭ በኋላ በመጣው ትውልድ ነው። ዝናብ ከዘነበ በኋላ የበረሃ አንበጣ እንስት እንቁላሏን በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ትቀብራለች። ምድሩ ሲደርቅና ልምላሜው በየሥፍራው ሲቀነስ፥ የተፈለፈሉት ኩብኩባዎች በቀረው አረንጓዴ ላይ ይሰበሰባሉ፤ እርስ በርሳቸውም ይተሻሻሉ። በ2001 የወጣ ጥናት የኋላ እግራቸው ደጋግሞ መነካቱ ብቻ ጠባያቸውን በጥቂት ሰዓታት ውስጥ እንደሚለውጥ አሳየ። በ2009 ደግሞ ሴሮቶኒን የተባለው የነርቭ ንጥረ ነገር የዚህ ለውጥ መነሻ መሆኑ ታወቀ። የሚሸሻሹት መፈላለግ ይጀምራሉ፤ አረንጓዴው ኩብኩባ ቢጫና ጥቁር ይሆናል፤ ክንፍ ሲያወጣም በመንጋ ይነሣል። በምቹ ሁኔታ የአንበጣው ቁጥር በሦስት ወር ሃያ እጥፍ፥ በስድስት ወር አራት መቶ እጥፍ ሊደርስ ይችላል።

ኡቫሮቭ ግኝታቸውን በመጽሐፍ ብቻ አላስቀሩትም። በ1920ዎቹ መጨረሻ አፍሪካን ከባድ የአንበጣ ወረራ ባጥለቀለቃት ጊዜ፥ ከ1929 ጀምሮ በለንደን የአንበጣ ምርምር እንዲመሩ ተደረገ። የሥራ ባልደረቦቻቸው ጥቂት ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዷ የረጅም ዘመን ረዳታቸው ዜና ዋሎፍ ናት። ዘዴያቸው ቀላል፥ ግን ትዕግሥትን የሚጠይቅ ነበር። አንበጣ የታየበት ቀንና ሥፍራ ከየአገሩ በደብዳቤ ይመጣል፤ እያንዳንዱም ወሬ በካርታ ላይ ይሰፍራል። ወር ከወር፥ ዓመት ከዓመት ሲደመር የመንጋው መንገድ ይገለጥ ጀመር። ፈላሹ አንበጣ በማሊ ከኒጀር ወንዝ የጎርፍ ሜዳ፥ ቀዩ አንበጣም ከታንዛንያው የሩክዋ ሸለቆና ከመሰሎቹ እንደሚነሣ ታወቀ። የበረሃ አንበጣ ግን እንዲህ ያለ ቋሚ መነሻ ስለሌለው ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ሕንድ ያለው በረሃ ሁሉ መጠበቅ ነበረበት። ቆየት ብሎም ሬይኒ የተባሉት ተመራማሪ መንጋው ነፋሱን ተከትሎ ነፋሳት ወደሚገናኙበትና ዝናብ ወደሚጥልበት እንደሚሄድ አስረዱ። አንበጣና ልምላሜ በአንድ ጊዜ የሚመጡበት ምክንያት በዚህ ተገለጠ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንበጣ በመካከለኛው ምሥራቅና በምሥራቅ አፍሪካ ረሃብ እንዳያመጣ የተደረገውን ዘመቻ በእውቀት የመሩት እርሳቸው ናቸው። በ1945 የፀረ አንበጣ ምርምር ማዕከል በለንደን ራሱን ችሎ ሲቋቋም ዳይሬክተር ሆኑ፤ እስከ 1959ም መሩት። በ1950 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር አባል ሆኑ፤ በ1961 የሰርነት ማዕረግ ተሰጣቸው።

ኢትዮጵያ በእኒህ ሰው ሥራ ውስጥ ልዩ ሥፍራ አላት። በ1926 እና በ1927 ኦመር ኩፐርና ሂዩ ስኮት የተባሉ ሊቃውንት ከኢትዮጵያ የሰበሰቧቸውን ነፍሳት ወደ እንግሊዝ በወሰዱ ጊዜ፥ ፌንጣዎቹን የመረመሩት ኡቫሮቭ ነበሩ፤ ውጤቱም በ1934 ታተመ። ከዚህም ይልቅ አገሪቱ የግኝታቸውን እውነተኛነት በመከራ የተማረች ናት። የአፋርና የኦጋዴን ቆላ ለአንበጣ መራቢያ ሲሆን፥ የቀይ ባሕር ጠረፍና የመን ደግሞ ጎረቤት ናቸው። በ1958 በኢትዮጵያ የደረሰው ወረራ 167,000 ቶን እህል አጥፍቷል፤ ይህም አንድ ሚሊዮን ሕዝብ ለአንድ ዓመት ይቀልብ የነበረ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ በ1962 የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት በአዲስ አበባ በተፈረመ ስምምነት ተቋቋመ። አንበጣ ድንበር ስለማያውቅ መከላከያውም ድንበር ተሻጋሪ መሆን አለበት የሚለው የኡቫሮቭ አቋም በዚህ ድርጅት ሥጋ ለበሰ ማለት ይቻላል።

በመድኃኒት ረገድ ግን የዘመኑ ሥራ ነቀፋ የለውም ሊባል አይችልም። መጀመሪያ ኩብኩባው የሚገደለው በአርሴኒክ በተለወሰ ፍሩሽካ ነበር፤ ይህም ከብትን የሚጎዳ መርዝ ነው። ከ1950ዎቹ ጀምሮ ዲልድሪን መጣ። በምድረ በዳ በረድፍ ተረጭቶ ለሳምንታት የሚቆይ ስለ ነበረ ለጊዜው ድንቅ መሣሪያ መሰለ። ሆኖም ያው የመቆየት ጠባዩ ጉዳት ሆነ፤ በአፈርና በእንስሳት ስብ ውስጥ እየተከማቸ ስላስቸገረ ቀስ በቀስ ከሥራ ወጣ፤ በ2001 በስቶክሆልም ስምምነትም ታገደ። ኡቫሮቭ ራሳቸው ከመድኃኒት ይልቅ ለነፍሳቱ አኗኗር ጥናት የበለጠ ክብደት ይሰጡ ነበር። አንበጣ በጠፋባቸው ዓመታት ገንዘቡና የሰው ኃይሉ አብሮ እንዳይጠፋ ሳያቋርጡ ወተወቱ። የፌንጣንና የአንበጣን እውቀት በሙሉ ለማጠቃለል የጀመሩት ታላቅ መጽሐፍ የመጀመሪያው ክፍል በ1966 ወጣ። ሁለተኛውን ክፍል ታትሞ ሳያዩት በመጋቢት 1970 በለንደን ዐረፉ፤ መጽሐፉ በ1977 ለንባብ በቃ።

ከሞታቸው በኋላ ግማሽ መቶ ዓመት ሳይሞላ ትምህርታቸው በከባድ ዋጋ ታደሰ። በ2018 ሁለት የባሕር ማዕበሎች በዓረብ በረሃ፥ ማንም ተመልካች በሌለበት ሥፍራ፥ ብዙ ዝናብ ጣሉ። አንበጣው በዚያ ሦስት ትውልድ ተራባ። በ2019 በየመንና በሶማልያ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገባ። በ2020 በተደረገው ግምገማ በአገሪቱ 200,000 ሄክታር የሚያህል ሰብል መጎዳቱና ከ350,000 ቶን በላይ እህል መጥፋቱ ታወቀ፤ በዚያው ዓመት መኸርም በወሎ የጤፍ ገበሬ ለአጨዳ የደረሰ ማሳውን አጣ። አንድ ኪሎ ሜትር ካሬ የሚሸፍን መንጋ በቀን 35,000 ሰው የሚመገበውን ያህል ይበላል። የጎደለው መድኃኒት ወይም አውሮፕላን ብቻ አልነበረም፤ ከሁሉ አስቀድሞ የጎደለው በሰላሙ ጊዜ ነቅቶ የሚያይ ዓይን ነበር።

ከዚህ ታላቅ ጉዳይ ወደ ደጀኗ የጽጌረዳ ግቢ መመለስ ነገሩን ማሳነስ አይደለም። ቅጠል ተበላብኝ የሚል ሰው ባለሙያ ዘንድ ሲመጣ፥ የእጅ መርጫ ከማንሣት በፊት የሚጠየቁት ጥያቄዎች ኡቫሮቭ በስታቭሮፖል ሜዳ የጠየቋቸው ናቸው። ይህ ነፍሳ ምንድን ነው? በየትኛው የዕድገት ደረጃ ላይ ነው? ቁጥሩ ስንት ነው? ለብቻው ነው ወይስ በብዛት? ከዳር የተቀረጠፈ ቅጠል የፌንጣ ወይም የትል ሥራ ሊሆን ይችላል፤ የተጨማደደና የሚያጣብቅ ቅጠል ግን ጭማቂ የሚመጥጡ ተባዮች መኖራቸውን ያመለክታል፤ መድኃኒቱም ለሁለቱ አንድ አይደለም። ጥቂት ፌንጣዎችን በጠዋቱ ብርድ ሳይሞቃቸው ለቅሞ ማስወገድ በሚቻልበት ግቢ መርዝ መርጨት፥ ንቡንና ተባይ በል ነፍሳቱን ገድሎ የባሰ ተባይ መጋበዝ ነው። ሰር ቦሪስ ኡቫሮቭ ለባለሙያው ያወረሱት ይህን ሥርዓት ነው፤ አስቀድሞ ማወቅ፥ በጊዜ መጠበቅ፥ ከዚያም በመጠን እርምጃ መውሰድ። አንበጣው በማይታይበት ዓመት በበረሃው ዳርቻ የሚመላለሰው የቅኝት ሠራተኛ፥ በደጀንና በብቸና ማሳ ለማሳ የሚዞረው የእፀዋት ጥበቃ ባለሙያም የእርሳቸውን ሥራ ቀጥለዋል።